ከጭንቀትና ከሥራ ጫና ሕመም በኋላ ወደ ሥራ መመለስ፦ ለሴትና ለወንድ መንገዱ ለምን ይለያያል?

ሥራ ሲበዛ፣ የቤት ጣጣ ሲደራረብ ወይም ሐዘን ሲያጋጥም መጨነቅ ያለ ነው። ጭንቀቱ ለሳምንታት ሲቆይ ግን ሰውነት መናገር ይጀምራል። እንቅልፍ ይጠፋል፣ ራስ ያማል፣ ልብ ይመታል፣ ጨጓራ ያቃጥላል። ያነበቡት አይገባም፣ የተነገርዎትን ይረሳሉ፣ በትንሽ ነገር ማልቀስ ወይም መቆጣት ይመጣል። እንዲህ ያለ ሰው ሥራ ላይ መቆየቱ ጉዳት እንዳለው ሐኪሙ ካመነ የሕመም ፈቃድ ይጽፋል። ስለ ሕመሙ ምልክቶች ብዙ ተጽፏል። እዚህ የምንነጋገረው ብዙም ስለማይነሳው ስለ ሁለተኛው ግማሽ ነው፤ ፈቃዱ እንዴት ያልፋል? ወደ ሥራስ እንዴት ይመለሳሉ?

በወልቂጤ ወይም በቡታጅራ የሚኖሩ አንድ መምህርና አንዲት መምህርት በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ በተመሳሳይ ምልክት፣ የአንድ አንድ ወር ፈቃድ ተጻፈላቸው እንበል። የያዙት ወረቀት አንድ ዓይነት ነው። የሚያሳልፉት ወር ግን አንድ ዓይነት አይሆንም። እሷ ቤት ስትውል የቤቱ ሥራ በሙሉ ወደ እሷ ይመጣል። እሱ ቤት ሲውል ደግሞ «ምን ሆኖ ነው የማይሠራው?» የሚለው ጥያቄ ይከተለዋል። ከወር በኋላ ሁለቱም ሳይሻላቸው ሊመለሱ ይችላሉ፤ ምክንያታቸው ግን የተለያየ ነው፣ መፍትሔውም እንደዚያው።

ይህ የሁሉም ሴት ወይም የሁሉም ወንድ ታሪክ አይደለም። ልጆቹን ብቻውን የሚያሳድግ አባት ለሴቶች በተጻፈው ክፍል ውስጥ ራሱን ሊያገኝ ይችላል። የቤተሰቡ ብቸኛ ገቢ በእሷ ላይ የተንጠለጠለ ሴትም በወንዶቹ ውስጥ። ሁለቱንም ቢያነቡ ይሻላል።

ሕመሙ ስንፍና አይደለም

ሐኪሙ በካርድዎ ላይ የሚጽፈው ስም ሊለያይ ይችላል፤ የመላመድ ችግር፣ የጭንቀት ሕመም ወይም ድብርት ሊሆን ይችላል። ብዙዎች «በርንአውት» የሚሉትን በሥራ መዛል፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ ራሱን እንደቻለ በሽታ አልመዘገበውም። ያስቀመጠው በአግባቡ ካልተያዘ የረጅም ጊዜ የሥራ ቦታ ውጥረት የሚመጣ ሁኔታ አድርጎ ነው። ይህ ልዩነት ለሕክምና ወረቀትዎ ጠቃሚ ነው። ፈቃድ የሚያሰጠው «ሥራ ሰልችቶኛል» ማለት ሳይሆን ያሉብዎት ምልክቶች ናቸው። ስለዚህ እንቅልፍዎን፣ የምግብ ፍላጎትዎን፣ የራስ ምታትዎን፣ ስንት ጊዜ እንደቆየብዎ ለሐኪሙ በዝርዝር ይንገሩ።

ቡታጅራና ዙሪያዋ በአገራችን የአእምሮ ጤና በስፋት ከተጠናባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ጀምሮ እዚያ የጤና ምርምር ጣቢያ አቋቁሞ ሠርቷል። ከ10 ሺህ በላይ አዋቂዎች በተጠየቁበትና እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመው የቡታጅራ ጥናት፣ 17 በመቶ ያህሉ ከፍተኛ የአእምሮ ጭንቀት ምልክቶች ነበሯቸው። ችግሩ በሴቶች፣ በዕድሜ በገፉ፣ ባልተማሩ፣ ባል ወይም ሚስት በሞተባቸውና በተፋቱ ሰዎች ላይ በርትቶ ታይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም ድብርት በሴቶች ላይ ከወንዶች በ50 በመቶ ገደማ በልጦ እንደሚታይ ይገልጻል። በዚያው በስዊድን በውጥረት ምክንያት የሕመም ፈቃድ ከሚወስዱት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ማን ቶሎ ወደ ሥራ ይመለሳል በሚለው ላይ ግን በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች አንድ ዓይነት መልስ አይሰጡም። በአንዳንዱ ሴቶች፣ በሌላው ወንዶች ይዘገያሉ። ስለዚህ «ሴት ልጅ ደካማ ናት» የሚለው ማብራሪያ አያስኬድም። ይልቅ እያንዳንዱን ሰው ቤትና መሥሪያ ቤት ምን እንደሚጠብቀው ማየት ይጠቅማል።

ለሴት፦ ፈቃዱ ዕረፍት ሳይሆን ሲቀር

ሴት የሕመም ፈቃድ ስትወጣ ብዙውን ጊዜ ከአንዱ ሥራ ወጥታ ወደ ሌላው ትገባለች። ቤት መዋሏ ሲታወቅ ልጆቹን ከትምህርት ቤት የምታመላልሰው እሷ ትሆናለች። የቤት ሠራተኛዋ «እስከዚያው አገሯ ደርሳ ትምጣ» ይባላል። የታመመ ዘመድ ከገጠር መጥቶ እሷ ዘንድ ያርፋል፤ እሷ ቤት ናትና። እንሰት የሚፋቅበት ወቅት ከሆነ ደግሞ ቸሃ ወይም መስቃን ያሉ እናቷ ወይም አማቷ ዘንድ መድረስ ይጠበቅባታል። እንሰት መፋቁም ቆጮ ማብላላቱም በጉራጌ የሴቶች ሥራ ነው፣ ከባድም ነው። ሌላው ቀርቶ ሊጠይቋት የመጡት ጎረቤቶች ተቀምጠው ቡና የምታፈላው ራሷ ሕመምተኛዋ ናት። ይህን የምንለው መጠያየቅን ለመንቀፍ አይደለም፤ ብቸኝነት ለዚህ ሕመም መጥፎ ነው። ቡናውን ግን ጠያቂዋ ብታፈላው ምን አለ?

ከዚህ የተነሳ የፈቃዱ ወር ሲያልቅ ሐኪሙ «አርፈሻል፣ አሁን እንዴት ነሽ?» ሲላት ለውጥ ባለማየቷ ራሷን ትወቅሳለች። መድኃኒቱ አልሠራም ብላ ትተወዋለች። ወይም ሥራዬን ልልቀቅና ልረፍ ብላ ታስባለች። በእኛ እምነት እዚህ ውሳኔ ላይ ከመድረስዎ በፊት አንድ ነገር ቢሞክሩ ይበጃል። በፈቃድዎ ጊዜ አንድ ተራ ቀን ይምረጡና ከጠዋት እስከ ማታ በየሰዓቱ የሠሩትን በወረቀት ይጻፉ። ስንት ሰዓት ጋደም አሉ? ስንት ሰዓት ከቤት ወጥተው ተራመዱ? ስንት ሰዓት ለሌላ ሰው ቆሙ? ወረቀቱን ለባለቤትዎ ያሳዩት፤ ለሐኪሙም ይዘውት ይሂዱ። «ደክሞኛል» ከማለት ይልቅ «ትናንት ከ11 ሰዓት ማለዳ እስከ ምሽት 4 ሰዓት የተቀመጥኩት 40 ደቂቃ ነው» ማለት ይሰማል።

ባለቤትዋ ለታመመች አንባቢ ደግሞ የምንለው አለን። «አግዝሻለሁ» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ሥራውን አያነሳላትም፤ ምን እንደሚሠራ የምታስበው፣ የምታስታውሰውና የምታዝዘው አሁንም እሷው ስለሆነች። ይልቅስ አንድ ወይም ሁለት ሥራ ሙሉ በሙሉ ከእርሷ ይውሰዱ። ለምሳሌ ልጆችን ማመላለስና ማስጠናት የእርስዎ ይሁን፤ ወይም የገበያው ቀን የእርስዎ ይሁን፣ ምን እንደጎደለ ማየቱንም ጨምሮ። ይህን የሚጀምሩት ሥራ ከመመለሷ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድመው ነው። ሥራ በጀመረች ማግስት የሚጀመር ድጋፍ ይዘገያል፤ ያን ጊዜ እሷ ሁለቱንም ሥራ ተሸክማለች።

ከዚህ የሚከብድም ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በተለያዩ አገሮች ባደረገውና እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመው ጥናት፣ በቡታጅራ አካባቢ ባል ወይም የፍቅር አጋር ኖሯቸው ከሚያውቁ ሴቶች 71 በመቶዎቹ በሕይወት ዘመናቸው ከዚህ ሰው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸው ነበር። ለእንደዚህ ዓይነቷ ሴት መሥሪያ ቤቷ መሸሻዋ፣ ቤቷ ደግሞ የጭንቀቷ ምንጭ ሊሆን ይችላል። አንድ ወር ቤት መዋል አያድናትም። የእርስዎ ሁኔታ ይህ ከሆነ ለሐኪሙ ወይም ለነርሷ ብቻዎን ሆነው የመነጋገር መብት እንዳለዎት ይወቁ። አብሮዎት የመጣ ሰው ቢኖርም «ለብቻዬ ልመርመር» ማለት ይችላሉ። ፈቃዱን በእህት ወይም በሌላ በሚያምኑት ዘመድ ቤት ማሳለፍ ከተቻለም ያንን ያስቡበት። ጭንቀቱ ከመሥሪያ ቤት ወሲባዊ ትንኮሳ የመጣ ከሆነ ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ይህን በግልጽ ይከለክላል። ወደዚያው ሰው ሥር ከመመለስዎ በፊት ጉዳዩ መነሳት አለበት።

የወለዱ እናቶች አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት ያለ ሕመም ነው፣ ይታከማልም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከነፍሰ ጡሮችና በቅርብ ከወለዱ ሴቶች ከ10 በመቶ በላይ የሚሆኑት ድብርት ያጋጥማቸዋል። በአዋጁ የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ነው። ይህ ከሕመም ፈቃድ የተለየ ነው። የወሊድ ፈቃድዎ ሊያልቅ ሲል ማልቀስ፣ ከሕፃኑ መራቅ፣ እንቅልፍ ማጣት ካለ «ሥራ ስጀምር ይለቀኛል» ብለው አይጠብቁ፤ ቀድመው ይታዩ።

ለወንድ፦ ሳይሻል መመለስ

ወንዶች ወደ ሐኪም የሚመጡት ዘግይተው ነው፤ ሲመጡም «ጨንቆኛል» ብለው አይደለም። ወገቤን፣ ጨጓራዬን፣ ራሴን ይላሉ። ምርመራው ሁሉ ደህና ነው ሲባል ደስ ከማለት ይልቅ ግራ ይገባቸዋል። ባለቤት ወይም እናት «ከሁለት ወር ወዲህ እንቅልፍ የለውም፣ ልጆቹን ይቆጣል» ብላ የምትጨምራት አንዲት ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ከምርመራው ሁሉ ትበልጣለች። ስለዚህ አብረዋቸው መሄድ ካልከለከሉዎት ይሂዱ።

ጉራጌ በታታሪነቱ፣ ሥራ ባለመናቁ ይመሰገናል። ይህ ስም ለታመመ ሰው ግን ሸክም ሊሆን ይችላል። መርካቶ ሱቅ ያለው፣ ቤተሰቡ ወልቂጤ ወይም ገጠር የሚኖር ሰው ሲታመም አገር ቤት ገብቶ እንዲያርፍ ይደረጋል። የመጀመሪያው ሳምንት ደህና ነው። በሁለተኛው ሱቁ ስለመዘጋቱ፣ ስለ እቁቡ፣ ስለ ኪራዩ ማሰብ ይጀምራል። በሦስተኛው ሳይነግር ተነስቶ ይሄዳል። ደመወዝተኛውም እንዲሁ ነው፤ ደመወዝ የሚቀነስበት ቀን ሲቃረብ «ተሽሎኛል» ይላል። ሐኪሙም ቤተሰቡም ያምነዋል፣ ምክንያቱም ወንድ ልጅ ተሽሎኛል ሲል የሚመረምረው የለም። ከዚያ ከወር ከሁለት ወር በኋላ ሕመሙ ሲመለስ ከመጀመሪያው የባሰ ሆኖ ይገኛል።

በዚህ መካከል እንቅልፍ ለማግኘት መጠጥ፣ ድካምን ለማባረር ደግሞ ጫት ይገባል። መጠጥ ቶሎ ያስተኛ እንጂ ሌሊቱን ያቆራርጠዋል፣ ድብርትንም ያባብሳል። ጫት እንቅልፍ ይከለክላል፣ በማግስቱም ድብርት ያስከትላል። ሁለቱን ማፈራረቅ የተለመደ ነው፤ አንዱ የሌላውን ጉዳት የሚያጠፋ ይመስላል፣ አያጠፋም። ለሐኪምዎ ምን ያህል እንደሚጠቀሙ እውነቱን ይንገሩ። የሚጽፍልዎት መድኃኒት በዚህ ይወሰናል።

ለወንድ በፈቃድ ጊዜ የሚጠቅመው ብዙ ጊዜ ከሴቷ ተቃራኒ ነው። ለእሷ ሥራ መቀነስ፣ ለእሱ ደግሞ ቀኑ ባዶ እንዳይሆን ማድረግ። ቀኑን ሙሉ አልጋ ላይ መዋል ሕመሙን ያጠነክረዋል። በተወሰነ ሰዓት መነሳት፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ያህል መራመድ፣ ልጆችን ትምህርት ቤት ማድረስ፣ ጓሮ መንከባከብ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ መሄድ መጠነኛ ሥራዎች ናቸው፤ ቀኑንም ይይዛሉ። ልጆችን የማድረሱ ሥራ፣ እንዳዩት፣ ለሁለቱም ወገን መድኃኒት ነው።

ፈቃዱና ደመወዙ

በግል ድርጅት ለሚሠሩ የሚያገለግለው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ከሥራ ጋር ባልተያያዘ ሕመም ምክንያት በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ፈቃድ ማግኘት ይችላል። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ ይከፈላል፤ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። አዋጁ ለሴትም ለወንድም እኩል ነው። ለአሠሪዎ በቀሩበት ማግስት ያሳውቁ፤ መንግሥት ከሚያውቀው የሕክምና ተቋም ማስረጃ ያቅርቡ። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ፈቃዱ በተከታታይ ብቻ ሳይሆን በተለያየ ጊዜም ሊወሰድ የሚችል መሆኑን ነው። ይህ ቀስ በቀስ ለመመለስ ይረዳል። የመንግሥት ሠራተኞች፣ መምህራንና የጤና ባለሙያዎችን ጨምሮ፣ በሌላ ሕግ ስለሚተዳደሩ የሰው ሀብት ክፍላቸውን መጠየቅ አለባቸው። የቤት ሠራተኞች በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም።

ግማሽ ደመወዝ የሚጀምርበትን ቀን በካላንደር ላይ ምልክት ያድርጉ፤ ከቤተሰብ ጋርም ቀድመው ይነጋገሩበት። እቁብ ካለብዎ ዕጣው ያልወጣልዎ ከሆነ ለዳኛው አስቀድመው መናገር ይሻላል። በገንዘብ ፍርሃት ሳይሻሉ መመለስ የሚመጣው ቀኑ ድንገት ሲደርስ ነው።

ቀስ ብሎ መመለስ

መቶ በመቶ እስኪድኑ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ረጅም ጊዜ ከሥራ መራቅ ራሱ መመለሱን ያከብደዋል። በቂ ምልክት የሚሆኑት እንቅልፍ መስተካከሉ፣ አንድ ገጽ አንብቦ መረዳት መቻሉ፣ ስለ ሥራ ሲያስቡ ልብ እንደ በፊቱ አለመምታቱ ናቸው።

በውጭ አገር የተደረጉ ጥናቶች ሲጠቃለሉ፣ የመላመድ ችግር ላለባቸው ሠራተኞች ችግርን በዝርዝር እየለዩ የመፍታት ምክክር በከፊል ወደ ሥራ መመለስን አፋጥኗል፤ ሙሉ በሙሉ መመለስን ግን አላፋጠነም። አሠራሩ ቀላል ነው። «ሥራው ከበደኝ» የሚለውን ይበትኑታል። የከበደዎት የትኛው ነው? የተማሪው ብዛት ነው? የሌሊት ፈረቃው? አንድ ኃላፊ? ከወልቂጤ ጉብሬ ምልልሱ? ከዚያ ከእነዚህ አንዱን ብቻ መርጠው ምን ሊለወጥ እንደሚችል ከሐኪሙና ከቅርብ ኃላፊዎ ጋር ይነጋገራሉ።

ከኃላፊዎ ጋር ሲነጋገሩ የሕመሙን ስም መናገር የለብዎትም። «አሞኝ ነበር፤ ሐኪሙ ቀስ ብዬ እንድጀምር መክሮኛል። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ግማሽ ቀን ብሠራ ወይም የሌሊት ፈረቃ ባይሰጠኝ ይቻላል?» ይበቃል። ከተቻለ ሐኪሙ ይህንኑ በወረቀት ያስፍርልዎት። ሴቶች በዚህ ንግግር ላይ ፈቃድ መጠየቅ ያሳፍራቸዋል፤ ብዙ ጊዜ ከሚያስፈልጋቸው ያነሰ ይጠይቃሉ። ወንዶች ጭራሽ አይጠይቁም። የቅርብ ዘመድ ወይም ባልደረባ አብሮ ቢለማመድልዎ አይናቁት። የሥራ ባልደረቦች «ምን ሆነህ/ሆነሽ ነበር?» ሲሉ ደግሞ «አሞኝ ነበር፣ አሁን ይሻለኛል፣ ተመስገን» የሚለው መልስ ማንንም አያስከፋም።

መጀመሪያው ሳምንት ላይ ድካም ይመለሳል። ይህ የሚጠበቅ ነው። ሁለት ሌሊት ሙሉ እንቅልፍ ከጠፋ ግን ቀጠሮውን ሳይጠብቁ ይታዩ።

መድኃኒት ከጀመሩ

ለድብርትና ለጭንቀት በጤና ተቋሞቻችን በብዛት የሚታዘዙት ፍሎክሰቲንና አሚትሪፕቲሊን ናቸው። ውጤታቸው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ሊዘገይ ስለሚችል «ሦስት ቀን ወስጄ ምንም የለም» ብለው አያቁሙ፤ ሲሻልዎትም በራስዎ በድንገት አያቋርጡ። አሚትሪፕቲሊን እንቅልፍ ያመጣል። ባጃጅ፣ ሚኒባስ ወይም ማሽን የሚያንቀሳቅሱ ሰዎች ሥራ ከመመለሳቸው በፊት ይህን ለሐኪሙ መንገር አለባቸው። ነፍሰ ጡር ወይም አጥቢ እናትም እንዲሁ። ጸበልም ሆነ ዱዓ ከመድኃኒት ጋር አይጋጭም፤ አንዱን ለመያዝ ሌላውን መጣል አያስፈልግም።

የሕመም ፈቃድ የሌላቸው

በሁለቱም ከተሞች ብዙ ሰው የሚተዳደረው ደመወዝ በሌለው ሥራ ነው። ቆጮና ቡላ የምትሸጥ፣ በርበሬ የምትነግድ፣ ልብስ የሚሰፋ፣ የቀን ሥራ የሚሠራ ሰው ፈቃድ የሚጽፍለት አለቃ የለውም። እዚህ ያለው አማራጭ ሙሉ በሙሉ መዝጋት ሳይሆን መቀነስ ነው። ከሁለት የገበያ ቀን አንዱን መተው፣ ከአጠገብ ያለች ነጋዴ ጋር ተራ መግባት፣ ለተወሰኑ ሳምንታት ዱቤ አለመስጠት (ዱቤ ማሳደድ ራሱ ያስጨንቃል)። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያዎ ይሂዱና ሪፈር ያጽፉ። በቀጥታ ሆስፒታል ከሄዱ ወጪው በእርስዎ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

የት ይታያሉ? መቼ ይፈጥናሉ?

መነሻው በአቅራቢያዎ ያለ ጤና ጣቢያ ነው። በዚሁ በጉራጌ አካባቢ፣ በሶዶ ወረዳ፣ የአእምሮ ሕክምናን በጤና ጣቢያ ደረጃ መስጠት እንደሚቻል እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በተሠራ የምርምር ሥራ ተሞክሯል። ከዚያ በላይ ካስፈለገ የቡታጅራ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። በወልቂጤ በኩል ያሉ ወደ አካባቢያቸው ሆስፒታል፣ ከባድ ከሆነም በሪፈር ወደ አዲስ አበባው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይሄዳሉ።

ሕመምተኛው «ለማንም አልጠቅምም»፣ «ብሞት ይሻላል» ማለት ከጀመረ፣ ንብረቱን ማከፋፈል ወይም መሰናበት ካበዛ፣ ቀጠሮ አይጠብቁ። በዓለም ዙሪያ ራሳቸውን አጥፍተው የሚሞቱ ወንዶች ከሴቶች ሁለት እጥፍ ያህል ናቸው፤ ዝም ያለ ወንድ ተሽሎታል ብለው አይለፉት። «ራስህን ለመጉዳት አስበሃል ወይ?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርበትም፤ ብዙ ጊዜ እፎይታ ይሰጠዋል። ብቻውን አይተዉት። የእርሻ ፀረ-ተባይና በቤት ያሉ መድኃኒቶችን ከእጁ አርቀው ይቆልፉ። ከዚያ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት፤ የሚወስደውን መድኃኒትና የቀድሞ ካርዱን ይዘው ይሂዱ።